አሜን ካልን በኋላ

ሀሰን ይማም በሕይወቱ አንዲት ጎል አግብቶ አያውቅም። ልጅ ሆኖ ከወሎ መጥቶ ወለንጪቲ ሲገባ አጎቱ ሱቅ ውስጥ አስቀመጠው። ከሱቅ ወደ መኪና ረዳትነት፣ ከረዳትነት ወደ ሹፌርነት፣ በመጨረሻም አባዱላ የሚባለውን ሚኒባስ ገዝቶ የራሱ ጌታ እስኪሆን ድረስ ለኳስ የሚተርፍ ጊዜ አልተገኘም። እንዲያም ሆኖ የወለንጪቲን ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት የመራው እሱ ነው። ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሁድ ጠዋት ነው። ልጆቹ መተሐራ ሄደው ሊጫወቱ መኪና አጥተው መንገድ ዳር ተኮልኩለው አያቸውና አንጀቱ አልችል ብሎት «ግቡ» አላቸው። ገቡ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ እየተተኩ፣ ያገቡት እየቀሩ፣ ታናናሾቻቸው እየመጡ፣ ቡድኑ ከዚያ መኪና ሳይወርድ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው።

ባለቤቱ ሱሃይላ በበኩሏ ማሊያ አጣቢ ሆነች። ያዘዛት ሰው የለም። አንድ ቀን ልጆቹ በላብ የደረቀውን ማሊያ እንደለበሱ በግቢዋ ሲያልፉ አፍንጫዋን ይዛ «አውልቁ!» አለች፤ በዚያው የእሷ ሥራ ሆኖ ቀረ። አረንጓዴዎቹን ማሊያዎች ገመድ ላይ ስትሰቅል ሀሰን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የጨዋታውን ወሬ ያወራላታል። ኳስ አትወድም ነበር። ወሬውን ግን ትወድ ነበር። አምና በረመዳን መግቢያ አረፈች። ከማረፏ በፊት እጁን ይዛ «እነዚህን ልጆች አንደኛ ዲቪዚዮን ሳታገባቸው እንዳትተዋቸው» አለችው። ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም።

እንግዲህ ይህ አንደኛ ዲቪዚዮን የሚባለው ነገር ቀላል አይደለም። የሸለቆ ከተሞች ሊግ ሁለት እርከን አለው። በታችኛው እርከን ከዱከም እስከ መተሐራ፣ ወዲህም እስከ መቂ ድረስ ዐሥራ ሁለት ቡድኖች ይጫወታሉ። አንደኛ የወጣው ሳይጠየቅ ወደ ላይ ያድጋል። ለቀረችው አንዲት ቦታ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት በሁለተኛው ቡድን ሜዳ አንድ የማጣሪያ ጨዋታ ይጫወታሉ። አቻ ከተለያዩ በፍጹም ቅጣት ምት ይለያሉ። የሀሰን ልጆች ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጡ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይም አቻ ተለያይተው በፍጹም ቅጣት ምት ወደቁ። አምና ሦስተኛውን ቡድን በዘጠኝ ነጥብ ይበልጡት ነበር። ዘጠኝ ነጥብ! ያን ቀን ሀሰን ማሊያዎቹን ለብቻው ዘፍዝፎ፣ ለብቻው አጥቦ፣ ገመዱ ሥር ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ይህን ደንብ ካወጡት ሰዎች አንዱ የልብ ወዳጁ ጫምሳ ነው። ጫምሳ ቱሉ የአዳማ ሰው፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ወዳጅነታቸው የጀመረው በቀይ ካርድ ነበር። ሀሰን መስመር ላይ ቆሞ ሲጮህበት ጫምሳ ከሜዳ አባረረው። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ዳኛው ወደ አዳማ የሚመለስበት መኪና አጣና በዚያው በተባረረው ሰውዬ አባዱላ ተሳፈረ። እስከ አዳማ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሊወርድ ሲል ሀሰን «ኦፍሳይድ ግን አልነበረም» አለው። ጫምሳም በሩን መልሶ ዘጋና አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ባለፈው ጥቅምት ቡድኖቹ ተሰብስበው የማጣሪያውን ደንብ የሚያስተካክል ሦስት ሰው መረጡ። ጫምሳ ሰብሳቢ ሆነ፣ ሀሰን የቡድኖቹ ተወካይ፣ ሦስተኛው ደግሞ አቶ ገብረወልድ የሚባሉ የቀድሞ የሒሳብ መምህር። አዳማ መናኸሪያ ጀርባ ባለች ጭማቂ ቤት ተቀመጡና ሦስት ስፕሪስ አዘዙ። ውጭ ነፋሱ አቧራውን እያዞረ ባጃጆቹን ያለብሳቸዋል።

«ቀላል ነው» አለ ሀሰን ማንኪያውን እንኳ ሳያነሳ። «ማጣሪያው ይቅር። ሁለተኛ የወጣው ይለፍ።»

«ማጣሪያውን ለምን እንዳመጣነው ረሳኸው?» አለ ጫምሳ። «ድሮ ሚያዝያ ሲገባ ግማሹ ቡድን መምጣት ያቆም ነበር። መቂ ላይ ፊሽካዬን ይዤ በዚያ ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቆሜ አንድም ቡድን ሳይመጣ ቀርቷል። ተስፋ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይመጣል? ለሦስተኛው አንዲት ቀዳዳ ስንከፍትለት ነው አራተኛውም አምስተኛውም እሷን ብሎ እስከ መጨረሻው የተጫወተው።»

አቶ ገብረወልድ የሒሳብ ሰው ናቸውና ሒሳብ አመጡ። «በየአምስት ነጥቡ ልዩነት አንድ አንድ ጎል በቅድሚያ እንስጥ። ዘጠኝ ነጥብ የሚበልጥ ቡድን አንድ ለዜሮ እየመራ ይጀምራል።»

«እንዴ ጋሼ! ተመልካቹ እኮ አርፍዶ የገባ ይመስለዋል» አለ ጫምሳ፤ ገብረወልድም ራሳቸው ሳቁ።

ሀሰን ግን አልሳቀም። «እሺ፣ ቀዳዳዋ ትኑር» አለ። «ግን ልጠይቃችሁ፤ ሃያ ሁለት ሳምንት የለፋ ልጅ ልፋቱ በአምስት ምት ይሰረዝ? ሁለተኛ በመውጣቱ ምን አገኘ? ሦስተኛው ማለፍ ከፈለገ መጥቶ ያሸንፍ። አቻ ከሆኑ ሁለተኛው ይለፍ። እሱ ዓመቱን ሙሉ አሸንፎታል።»

ጫምሳ አቮካዶውን ከማንጎው ጋር እያማሰለ ብዙ ቆየ። ሲያስብ እጁ ወደ ደረት ኪሱ ይሄዳል፣ ፊሽካ ፍለጋ፤ ፊሽካውን ከተወ ሰባት ዓመቱ ነው። «ይህስ ፍርድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ግን ሀሰኔ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ብትወጣስ?»

«ሦስተኛ ከወጣሁማ የራሴ ጥፋት ነው!»

ተሳሳቁ፣ ተስማሙ። ጫምሳ የቀሩትን አንቀጾች ሲጽፍ ቆይቶ ነበርና ይህችን ሊጨምር ብዕሩን ሲያነሳ ገብረወልድ «በሉ፣ እንዲህ የሚያምር ነገር ላይ ደርሰን ሳንመርቅ አንነሳም» አሉ። ጫምሳ በኦሮምኛ መረቀ፤ ሜዳው ሰላም እንዲሆን፣ ልጆቹ እንዳይሰበሩ፣ ዝናቡ በጊዜው እንዲዘንብ። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ። ታዲያ በእኛ አገር አሜን ከተባለ በኋላ ብዕር የሚያነሳ ማን ነው? ነገሩ አልቋል። ከወረቀት በላይ ታስሯል። ጫምሳ «ቤት ገብቼ እጨምራታለሁ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ገብረወልድ በጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ የስፕሪሱን መጨረሻ በማንኪያ ፋቁት።

በጥር ገብረወልድ በድንገት አረፉ። ከቀብር ሲመለሱ ጫምሳ አባዱላው ውስጥ ከሀሰን ጎን ተቀምጦ እስከ ደጃፉ ሄደ። ደጃፉ ደርሰውም አልወረደም።

«ሀሰኔ፣ እየረሳሁ ነው» አለ።

«ማን የማይረሳ አለ?»

«እንደሱ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ገበያ ወጥቼ የቤቴ መንገድ ጠፋብኝ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት። አንድ ባጃጅ ነጂ ነው ያደረሰኝ። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ሰው ሲነግረኝ እንደሰማሁ ሆኜ ራሴን እነቀንቃለሁ እንጂ ግማሹ የለም። የምፈራው መርሳቱን አይደለም። የምፈራው የማስታውሰውንም እንዳላምነው ነው።»

ሀሰን ሞተሩን አጠፋ። መሪውን እንደያዘ «የረሳኸውን እኔ አስታውስልሃለሁ» አለው። «ወላሂ። አንተ ብቻ ጠይቀኝ።»

ጫምሳ ትከሻውን ነካ አድርጎት ወረደ። ሀሰን ያን ቀን ያለውን ሁሉ ከልቡ ነው ያለው።

ዓመቱ እየተጋመሰ ሲሄድ የወለንጪቲ አጥቂ ጉልበቱን ተጎዳና ቡድኑ ተንሸራተተ። ዱከሞች ደግሞ ከየፋብሪካው ተሰባስበው፣ ከፈረቃ ወደ ልምምድ እየሮጡ፣ ሁንዴ በሚባል ወጣት አሰልጣኝ እየተመሩ ማንም ሳያስባቸው ተነሡ። ግንቦት ሲያልቅ ዱከም ሁለተኛ፣ ወለንጪቲ በአራት ነጥብ ዝቅ ብሎ ሦስተኛ። ሀሰን ሦስተኛ ወጣ።

በዚያው ሳምንት የታተመው ደንብ መጣ። ሀሰን መነጽሩን አድርጎ አነበበው፤ አንቀጽ ዐሥራ አራት ላይ ቆመ። «ሁለቱ ቡድኖች አቻ ከተለያዩ አሸናፊው በፍጹም ቅጣት ምት ይለያል።» እንደገና አነበበው። ከሥር የጫምሳ ፊርማ አለ። ያቺ የጭማቂ ቤቷ ነገር አልገባችም።

ስልኩን አነሣ፤ የጫምሳን ቁጥር አወጣ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሀሰን ለራሱ ብዙ ነገር ነገረው። ዋሽተሃል የሚለኝ የለም፤ አልተጠየቅሁም፤ የተጻፈው ተጽፏል፤ ሁለት ዓመት ይኸው ደንብ ሲያቃጥለኝ ማን አዘነልኝ? በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቦ ፍጹም ቅጣት ምት ማለማመድ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ልምምድ የለም ማለት ይቻላል። በረኛው ኡበይደላ፣ በሥራ ቀን የሀሰን ተተኪ ሹፌር የሆነው ረጅም ልጅ፣ ከዐሥር ምት አምስቱን ስድስቱን ያወጣ ጀመር። «ጋሼ፣ ዘንድሮስ አቻ ይበቃናል» አለ እየሳቀ። ሀሰንም ሳቀ፣ ግን ሳቁ ወደ ውስጥ አልገባም።

ማሊያ ሲያጥብ ነው የባሰበት። ሱሃይላ ከሞተችም በኋላ ገመዱ ሥር ሆኖ ወሬውን ሲያወራላት ነው የኖረው፤ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ግን ማሊያዎቹን ዝም ብሎ ሰቅሎ ዝም ብሎ ገባ። ምን ብሎ ይጀምርላት? እሷ ደግሞ ገና ሲጀምር የምታውቅበት ሴት ነበረች።

የማጣሪያው ቀን በሰኔ ሦስተኛው እሁድ ዋለ። ሀሰን ልጆቹን ከወለንጪቲ ጭኖ አዳማ ላይ ጫምሳን ሊያነሳ ቆመ። ጫምሳ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ከበሩ ላይ ይጠብቅ ነበር።

«አካም ጂርታ ሀሰኔ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግባ፣ ግባ።»

ጋቢና ተቀመጠ። ትንሽ እንደሄዱ ወደ ኋላ ዞሮ ልጆቹን ቆጠረና «ገብረወልድን አናነሳውም እንዴ?» አለ።

ከኋላ የነበረው ጫጫታ ጸጥ አለ። «ቀድሞናል» አለው ሀሰን።

«አይ እሱ፣ ሁልጊዜ እንደቀደመ ነው» አለ ጫምሳ ደስ ብሎት፤ ወደ መስኮቱም ዞረ።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። የዱከም ሜዳ ከአዲስ አበባው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ የፋብሪካ ልብሳቸውን ሳያወልቁ የመጡ ሴቶችና ወንዶች ዙሪያውን ሞልተውታል። ዱከም በሃያኛው ደቂቃ አገባ። ወለንጪቲ ከእረፍት መልስ በጭንቅላት አቻ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዱከሞች ወደ ኋላ ሰበሰቡ። ሁሉም ተከላካይ ሆኑ፤ ኳሷን ባገኙ ቁጥር ወደ መንገዱ ይጠልዛሉ። የወለንጪቲ ደጋፊ «ፈሩ! ፈሩ!» እያለ ሳቀባቸው። ሀሰን ግን እንዳልፈሩ አውቋል። አቻ እንደሚያሳልፋቸው የነገራቸው ሰው አለ።

ፊሽካው ተነፋ። አንድ ለአንድ። በዚህ ሊግ በሙቀቱ ምክንያት ጭማሪ ሰዓት የለም። ዱከሞች ተቃቅፈው ጨፈሩ፤ የወለንጪቲ ልጆች ደግሞ «ምን ሆነው ነው?» እየተባባሉ ቆሙ። ኡበይደላ ጓንቱን አጥብቆ ወደ ጎሉ መሄድ ጀምሯል። የጨዋታው ኮሚሽነር የሺዓለም የምትባል ቀጭን ወጣት ናት፤ በሁለቱ መካከል ገብታ ወረቀቷን ዘረጋች።

«ጭፈራው ምንድን ነው? ገና ፍጹም ቅጣት ምት አለ።»

«የለም!» አለ ሁንዴ። «ጋሽ ጫምሳ በስልክ ነግረውኛል፤ አቻ ከወጣን ሁለተኛው ነው የሚያልፈው።»

ጫምሳ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መጣ። ሁሉም መንገድ ለቀቀለት። «ልክ ነው ልጄ» አላት ለየሺዓለም። «ለውጠነዋል። በአንድ ድምፅ ነው የተስማማነው።»

«ጋሼ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። አንቀጽ ዐሥራ አራትን ይዩት።»

አየው። ወረቀቱን አቀረበው፣ አራቀው። ፊቱ ላይ የነበረው እርግጠኝነት ቀስ እያለ ሲፈስ ሀሰን አየ። «እንዴት... ጭማቂ ቤት ነበርን እኮ። ሀሰን ነበረ፣ ገብረወልድ ነበረ። ለምን ገብረወልድን አትጠይቂውም? እዚሁ ነው፤ ቀድሞን መጥቷል።»

ዱከሞች እርስ በርስ ተያዩ። ከወለንጪቲ ደጋፊዎች መካከል አንዱ «የሞተ ሰው ምስክር ቆጠሩ! ሽማግሌው ዞሮባቸዋል!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ ተነሣ። ጫምሳ ሰማው። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደና እዚያ ቀረ።

የሺዓለም ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «ጋሼ አይዘኑብኝ። ከኮሚቴው ሁለት ሰው በቃሉ ከቆመ እቀበላለሁ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን የምመራው በወረቀቱ ነው።»

ጫምሳ ዞሮ ሀሰንን ፈለገው። ሲያገኘው እንደ ዳኛ አይደለም ያየው፣ እንደ ሰብሳቢም አይደለም። ገበያ ላይ የቤቱ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው ያየው።

«ሀሰኔ» አለ። «ብለናል ወይስ አላልንም? ካላልን አላልንም በለኝ፤ አልቀየምህም። እኔ አሁን ራሴን ማመን አቅቶኛል።»

ኡበይደላ ከሀሰን ትከሻ ጀርባ ቆሟል። በጆሮው «ጋሼ፣ ምንም አይበሉ። ዝም ብቻ ይበሉ» አለው። እውነቱን ነው፤ መዋሸት እንኳ አያስፈልግም ነበር። አላስታውስም ማለት ይበቃል፤ በሽማግሌ አፍ አላስታውስም ማን ይጠረጥረዋል? ከዚያ አምስት ምት ነው። ከዚያ አንደኛ ዲቪዚዮን። ከዚያ ገመዱ ሥር ቁጭ ብሎ ለሱሃይላ «ገቡልሽ» ማለት። ይህን ሁሉ በዓይኑ አየው፤ አጠገቡ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ጫምሳ ደግሞ አፉን በትንሹ ከፍቶ መልሱን ይጠብቃል። ሀሰን ዝም ካለ ያ ሰው ዛሬ ቤቱ ገብቶ፣ ካሁን በኋላ ከራሱ ጭንቅላት የሚወጣ አንድም ነገር ሳያምን ይኖራል። ልክ በነበረባት በዚያች ነገር ላይ እንኳ።

«ብለናል» አለ ሀሰን።

ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ብለናል! ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጫምሳ መረቀ፣ ጋሽ ገብረወልድ አሜን አሉ፣ እኔም አሜን ብያለሁ። ወረቀቱ ላይ ሳይገባ እንደቀረ ደግሞ ካየሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አልዞረበትም። የዞረብኝ እኔ ነኝ።»

የሺዓለም ወረቀቷን አጠፈች። «እንግዲያው ዱከም አልፏል» አለች፤ ዳኛውም እጁን ወደ ዱከሞች ዘረጋ። የፋብሪካ ልብስ የለበሰው ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። ሁንዴ እየሮጠ መጥቶ የሀሰንን ትከሻ ሳመ፤ «ጋሼ፣ ጋሼ» ብቻ አለ። «ሂድ ልጄ፣ ልጆችህ ጋ ሂድ» አለው ሀሰን። ከወዲያ በኩል አንድ የወለንጪቲ ሰው «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ሲል ተሰማ።

ኡበይደላ ጓንቱን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍጹም ቅጣት ምት ያስለማመዱን ለምን ነበር ታዲያ?»

«ልሰርቅ ነበራ» አለው ሀሰን። «እናንተን ይዤ ልሰርቅ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ልጁ ጓንቱን እዚያው ትቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሀሰን ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ አቧራውን አራግፎ ብብቱ ሥር ያዘው።

ሲመለሱ ቢሾፍቱን አለፉ። ሞጆን አለፉ። ልጆቹ ራሳቸውን መስኮት ላይ አስደግፈው ተኝተዋል፤ ወይም የተኙ መስለዋል። ፀሐይ ከኋላቸው እየወረደች የሀሰንን መስታወት ታቃጥላለች። ጫምሳ ከጎኑ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል።

«ሀሰኔ» አለ።

«አቤት።»

«ጨዋታው እንዴት ሆነ?»

ሀሰን ዞር ብሎ አየው። የሚቀልድ መስሎት ነበር። አልቀለደም። የሜዳው ነገር፣ ሳቁ፣ ወረቀቱ፣ ሀሰን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተዋረደባት ቃል፣ ሁሉም ከጫምሳ ዘንድ ሄዷል። ለማን ብዬ ነው እንግዲህ ያልኩት? አለ ሀሰን በልቡ።

«አንድ ለአንድ ነው» አለው ቀስ ብሎ። «አቻ።»

«ከማን ጋር?»

«ከዱከም። እነሱ ሁለተኛ፣ እኛ ሦስተኛ።»

ጫምሳ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ። «አቻ ከሆነማ ዱከም ነው ያለፈው» አለ። «ተስማምተን የለ እንዴ! ጭማቂ ቤት፣ ያ ሁሉ አቧራ የነበረ ቀን። አንተው ነህ ያመጣኸው። እኔ እንዲያውም ሦስተኛ ብትወጣስ ብዬህ ነበር።»

መንገዱ ለሀሰን ደበዘዘበት። መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ።

«ብለኸኛል» አለው።

«ምን ብለህ መለስክልኝ?»

«ሦስተኛ ከወጣሁ የራሴ ጥፋት ነው አልኩህ።»

«አዎ!» አለ ጫምሳ፤ ጉልበቱን መታ። «አየህ፣ ይህችን አልረሳኋትም። ገብረወልድም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስፕሪሱን ሲፍቀው ነበር።» እያለ ሳቀ። ሀሰንም መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነበት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

የኋላው በር ተከፈተ። ኡበይደላ ዞሮ መጥቶ በሹፌሩ መስኮት ቆመ። ፍሬን ላይ ያለውን የሀሰንን እግር፣ ከዚያም ፊቱን አየ።

«ጋሼ፣ ይውረዱ» አለ። «እኔ ልንዳ።»

ሀሰን ወረደና በዚያኛው በር ዞሮ ከጫምሳ አጠገብ ተጣብቦ ተቀመጠ። ጓንቱን ከብብቱ አውጥቶ ለልጁ ሰጠው። ኡበይደላ ተቀብሎ መስታወቱ ሥር አስቀመጠውና ሞተሩን አስነሣ። የአዳማ መብራቶች ገና አልታዩም።

«ሀሰኔ» አለ ጫምሳ ትንሽ እንደሄዱ። «ጨዋታው እንዴት ሆነ?»

ሀሰን ክንዱን በወዳጁ ትከሻ ላይ ጣለና ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገረው።